ከሰመራ የባሰ ሙቀት

«ፋርማሲ ብለሽ ሙዪውና ተገላገዪ፣ ልጄ! አውቶቡሱ ሊነሳ ነው» አለ ኢስማኤል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባለው ምግብ ቤቱ ሁለት ሳህን ሩዝ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተሹለከለከ።

ልጁ ኑርሀያት ስልኳ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳለች፤ አሁን በአውቶቡሱ ለሁለተኛው ዓመት ልትመለስ ነው። የትምህርት ክፍል መምረጫው ዛሬ በስምንት ሰዓት ይዘጋል፤ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወዲያ ደግሞ ኔትወርኩ አይታመንም። የምትፈልገው ፊዚክስ ነው። አባቷን አስቀይማ መሙላት ግን አልሆነላትም።

«ሌላ ፀሐይ የሚዞሩ ፕላኔቶችን ነው ማጥናት የምፈልገው፣ አባ።»

«የሰመራ ሙቀት አናትሽ ላይ ወጥቷል!»

«ከሰመራ የባሰም አለ። አንዷ ፕላኔት ላይ ድንጋዩ ራሱ ቀልጧል ይባላል። ፀሐይዋን በዐሥራ ስምንት ሰዓት ዞራ ትጨርሳለች፤ አንድ ዓመቷ ያ ነው።»

ቀይ ሻሽ ያሰረች ተሳፋሪ መብላቷን ተወች። «እኔ ዐርባ ነኝ፤ እዚያ ስንት ይሆነኛል?»

ኑርሀያት በስልኳ አሰላች። «ሃያ ሺህ ሊሞላዎት ምንም አልቀረዎትም።»

«ውይ ጉዴ! ዐርባውንም ለሰው ተናግሬ አላውቅ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰላሀዲን የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር፣ የቤቱ ደንበኛ፣ ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋ። «ረመዳንስ እንዴት ይሆናል?»

«እሱ ይከብዳል። አንዱ ገጿ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ስለሆነ እዚያ በኩል አይመሽም።»

«ወላሂ? ታዲያ በስንት ሰዓት ልናፈጥር ነው?»

ኢስማኤል ዝም ብሎ ማለፍ አቃተው። «ፀሐይ በምትጠልቅበት ቅርብ አገር ሰዓት ይገመታላ!»

«ቅርቡ አገር የት ነው?»

«ለጊዜው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው» አለች ኑርሀያት።

አሁን ኢስማኤልም ሳቀ። ዐሥራ አምስት ዓመት ተሳፋሪ ሲያበላ፣ ሰው ምግቡን አቀዝቅዞ ወሬ ሲያዳምጥ አይቶ አያውቅም። ኩራት ተሰማው። ትንሽም አፈረ፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቁጭ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ውጭ ክላክስ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለቀጣዩ አውቶቡስ ቦታ እንዲለቀቅለት ተሳፋሪውን የሚያጣድፈው እሱ ነበር። አሁን ግን ሳህኖቹን አስቀምጦ ወደ አውቶቡሱ ሾፌር ወጣ።

«ይገዙ፣ አምስት ደቂቃ ታገሠኝ።»

«አንተ? ዛሬ ምን ተገኘ?»

ኢስማኤል ልጁ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ልጄ ፊዚክስ እየሞላች ነው!»