መቶ ሠላሳ ሁለት

«የመምህራን ደህንነት ኮሚቴ፣ ለማረፊያ ክፍሉ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ተገዝቶ ዛሬ ጠዋት በክብር መግባቱን በታላቅ ደስታ...» የኮሌጁ ዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ፣ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል።»

ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። እቴቴ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ታናሽ ወንድሟ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉን ያያል። ሁለቱም እዚያው ኮሌጅ ነርሲንግ ያስተምሩ ነበር። እቴቴ ዓመቱን ሙሉ ረዳት መምህር ስጡኝ ብላ ለመነች፤ ኮሚቴ አቋቋሙላት። ኮሚቴው ሶፋ ወለደ።

«ይመቻል?» አለች አንዷ አክስት በሹክሹክታ።

«ማን ተቀምጦበት! ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም።»

ዲኑ መጥቶ ከወንድምየው አጠገብ ተቀመጠና ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ ወንድሜ። እሷ የፈተነችው የመጨረሻው የተግባር ፈተና ውጤት ነው፤ ነገ ይለጠፋል። በእሷ ቦታ ፈርምልኝ። የልብ ምት መቁጠር ላይ አሥራ አንድ ተማሪዎች ዜሮ ናቸው፤ ይደግማሉ።»

ያ የፈተናው ሐሙስ ትዝ አለው። አርባ ተማሪ፣ አንዲት መምህርት። የሚለካ ሰው ስለጠፋ እቴቴ የገዛ እጇን ዘረጋች። ምቷ ሰባ ሁለት እንደሆነ ኮሌጁ ሁሉ ያውቃል፤ ድሮ፣ ምሳ በምትበላበት ዘመን፣ ተለክታ ነበር። ሃያ ዘጠኙ ጣታቸውን ለወጉ ያህል ጣል አድርገው «ሰባ ሁለት» አሉ። አሥር ከአሥር። አሥራ አንዱ የዋሆች ግን የምራቸውን ቆጠሩ።

አንዷ እያለቀሰች ወደ እሱ ክፍል መጣች። «ቲቸር፣ ሁለቴ ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። ዜሮ ሰጡኝ።»

ከማለዳ ጀምሮ ቁጭ አላለም፤ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜው ነው፣ ዳቦው አፉ ውስጥ ነው። «እሷ ሃያ ዓመት ያስተማረች ሰው ናት» አላት። «ሂጂና ቁጥር ተማሪ።»

ቅዳሜ እቴቴ አርባ ደብተር እንደታቀፈች ደረጃው ላይ ወደቀች፤ ልቧ ነበር።

«እዚህ ጋ ነው» አለ ዲኑ፣ እስክሪብቶውን እያቀበለው።

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የመጀመሪያውን ዜሮ ሰረዘና «አሥር» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውን ሰረዘ። አምስተኛው ላይ በሌላው እጁ የገዛ አንጓውን ጨብጦ ቀጠለ። አሥራ አንደኛውን ጨርሶ ፈረመ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» ዲኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውጤቱን የሰጠችው እኮ እሷ ናት። በል ምክንያቱን ጻፍበት።»

«አልጽፍም።»

«እሺ ለእኔ ንገረኛ።»

«አልነግርዎትም።»