ያልወጣው ኮከብ

ኪሩቤል ሥዕል በማውስ አይስልም፤ ይጽፈዋል። ኖትፓድ ይከፍትና አረንጓዴው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ቢጫው የት እንደሚያርፍ በቁጥር ሲያዝዝ ይውላል። ፋይሉን ብራውዘር ላይ ሲከፍተው ቁጥሩ ሥዕል ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህን የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሱም ይህንኑ ማውራት ትንሽ አብዝቶት ነበር።

ጥቅምት 2009 ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል፤ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። የሰንደቅ ዓላማ ቀን በመድረሱ ኪሩቤል ለሚሠራበት ኮምፒዩተር ቤት ከአንድ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ፤ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚታይ፣ የሚንቀሳቀስ ባንዲራ። ኪሩቤል ሦስቱን ቀለማት ደረደረ፤ መካከላቸው ላይ ሰማያዊውን ክብ ከነኮከቡ ጻፈ። ከዚያ የራሱን ጨመረበት። ኮከቡ መጀመሪያ አይታይም፤ ቆይቶ እንደ ንጋት ፀሐይ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ለዚህም ድምቀቱን ዜሮ አድርጎ ኮከቡን ደበቀው፤ ቀጥሎ ዜሮውን ወደ አንድ የሚያደርስ ትእዛዝ ጻፈለት።

የኮምፒዩተር ቤቱ ባለቤት እትዬ ሮማን ቬንትሌተሩ ሥር ቆመው አዩት። ደስ አላላቸውም።

«ኪሩ፣ መጀመሪያ ልሙጥ ሆኖ ነው እንዴ የሚታየው?»

«ለትንሽ እኮ ነው እትዬ። መጨረሻ ላይ ሲወጣ ነው የሚያምረው።»

«የአበራሽ ልጅ ስልኩ ላይ ልሙጥ ባንዲራ ተገኘበት ተብሎ ጀውሃ ኬላ ላይ ከአውቶብስ እንዳወረዱት የት እንደገባ አይታወቅም። አንተ ደግሞ በግድግዳ ሙሉ! ተው ልጄ፣ ኮከቡን ከመጀመሪያው አውጣው።»

«እዚህ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ አይሳሳትም» ብሎ ሳቀና ፍላሹን ነቅሎ ሄደ። ልጅነት ነው፤ የሠሩት ነገር ሲያምር የሌላው ፍርሃት ሞኝነት ይመስላል።

የአዳራሹ ሙቀት አይጣል ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ታደሰ ፊት ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ኪሩቤል የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነበር፤ ፋይሉም የተከፈተው ኪሩቤል ሱቅ ውስጥ በማይጠቀምበት ብራውዘር ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ግድግዳውን ሞሉት።

ጠበቀ። ኮከቡ አልወጣም።

ያን ጊዜ ገባው። ይሄ ብራውዘር የቆመ ሥዕል እንጂ እንቅስቃሴ አያውቅም፤ ዜሮውን አንብቦ ወደ አንድ የሚያደርሰውን ትእዛዝ ዘሎታል። ከኋላ ማጨብጨብ የጀመረ ሰው እጁን ሰበሰበ። ኪሩቤል ፈራ።

«ኮከቡስ?» አሉ አቶ ታደሰ፣ ግድግዳውን ሳይሆን ጎናቸው ያሉትን ሰዎች እያዩ።

«አለ! ውስጡ ተጽፏል። አንድ ቁጥር ብቻ ልቀይር፣ አሁኑኑ ይወጣል።» እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ።

ከሁለቱ አንዱ ተነሥቶ እጁን ያዘው። አላጠበቀበትም፤ የያዘው እንደ ወንድም ነው።

«አትንካው» አለው በለሆሳስ። «እንዳለ ይቀመጥ፣ ማስረጃ ነው።»

ሁለቱ ሰዎች ይዘውት በሩ ላይ ሲደርሱ ኪሩቤል ዞሮ አየ። ልሙጡ ባንዲራ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። ሰው ሁሉ፣ አቶ ታደሰም ጭምር፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። ሊያጠፋው የደፈረ አልነበረም፤ ቀና ብሎ ሊያየውም የደፈረ አልነበረም።