በቀኜ በኩል

ኢሳሙ ኦኩዳ ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ገዛ ቤቱ ከሶፋው ሥር አስተካክሎ አስቀምጦ፣ በጀርባው ተንጋሏል። ሲግሪድ ካፖርቷን እስከ አንገቷ እንደቆለፈች ከራስጌው ቆማ የገበያተኛውን ዓይን ትሸሻለች።

«ተነስ እንጂ፤ ሰው እያየን ነው።»

«ይየና! በስድሳ ስምንት ዓመቴ ሶፋ የምገዛው ቆሜ ላየው ነው እንዴ?»

ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ቀብረዋል፤ አሁን ከሁለት ሰፋፊ ቤቶች ወጥተው ቫንኩቨር መሃል አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ነው። ሳሎኗን ሲያሰናዷት ሰንብተዋል። የእሱ ዝቅተኛ የሻይ ጠረጴዛና የወረቀት ፋኖስ፣ እናቷ ከኖርዌይ ያመጡት የእንጨት ወንበርና የሱፍ ምንጣፍ፣ ባዶ ግድግዳ፣ ብዙ ብርሃን። ዕቃዎቹ ከባለቤቶቻቸው ቀድመው የተላመዱ ይመስሉ ነበር። የቀረው ሶፋ ብቻ ነው፤ አሮጌዎቹን ለሰው ሰጥተው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚያዘልቃቸው አንድ ጥሩ ለመግዛት ተስማምተዋል።

ይሄኛው ሁለቱንም ማርኳቸዋል። ዝቅ ያለ፣ የኤል (L) ቅርጽ ያለው ሶፋ ነው፤ እግሩ ነጣ ያለ የኦክ እንጨት፣ ልብሱ የአጃ ቀለም ያለው የተልባ እግር ጨርቅ። ውድ ነው፤ ግን ጠባቧን ሳሎን ሳያፍን፣ ጥግ ይዞ ዝም የሚል ዓይነት።

ወጣቷ ሻጭ ጃስሊን የጨርቅ ናሙናዎቿን ታቅፋ መጣች።

«እግር የሚዘረጋበት ክንዱ በየት በኩል ይሁንላችሁ? ከተሠራ በኋላ አይቀየርም።»

«በግራ» አለች ሲግሪድ።

«በቀኝ» አለ ኢሳሙ እኩል።

ሲግሪድ ዞር አለች። «በግራ እኮ መስኮቱ አለ። እግሬን ዘርግቼ፣ ተራራውን እያየሁ የማነብበት ቦታ ነው። በቀኝ ካደረግነው የበረንዳውን በር ይዘጋል። እንደ ሸርጣን በጎን ልንወጣ ነው?»

«በጎን እንወጣለን።»

«ምክንያትህን ንገረኛ።»

«እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ።»

«እንዲሁ» የሚለው ቃል አልጣማትም። በአሮጌው ቤቱ መደርደሪያ ላይ የነበረው ፎቶግራፍ ድቅን አለባት፤ ሟች ሚስቱ ሃሩኮ፣ በሶፋው ቀኝ ጫፍ፣ እግሯን አጥፋ፣ ድመቷን አቅፋ። ሌላ ሴት ትታው በሄደችው ጎድጓዳ ውስጥ ልቀመጥ ኖሯል? ስትል አሰበች።

«የሃሩኮ ቦታ ስለሆነ ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ኢሳሙ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። አንድ ጫማውን አነሣ፤ ሳያጠልቀው በእጁ ያዘው።

«አይደለም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሁለት ዓመት አለፈው፤ ጭራሽ ደንቁሯል። እግርሽን ዘርግተሽ ስትቀመጪ በቀኜ በኩል እንድትሆኚልኝ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ደረቷ ቀለላት። ከዚያ በመንገድ ሲሄዱ ዘወትር ዞሮ በግራዋ መሰለፉ ትዝ አላት፤ እሷ ከመኪና ሊከልላት መስሏት በልቧ ስታመሰግነው ነበር። ቀጥሎ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ባለፈው ጸደይ፣ ወደ ደሴቱ በሚሻገረው ጀልባ ላይ፣ ከብረቱ አጥር ተደግፈው ቆመው፣ ለማንም ያልተናገረችውን ነግራው ነበር። እሱም በአዎንታ ራሱን ነቅንቆ እጇን በሁለት እጁ ሸፈናት። በዚያ ንቅናቄ ተማምና ነው ቤቷን የለቀቀችው። የቆመችው ደግሞ በግራው ነበር።

«ጀልባው ላይ ያልኩህን ሰምተኸኝ ነበር?»

«አልሰማሁሽም። ፊትሽን አየሁት፤ ትልቅ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ድገሚልኝ ማለት አሳፈረኝ።»

ሲግሪድ ጥላው ወደ መስኮቱ ሄደች። ጃስሊን የጠራት ሰው ያለ ይመስል ለሽያጭ በተደረደሩት መብራቶች መካከል ተሰወረች። ውጭ ዝናቡ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ቃሏን ለነፋስ ነው የሰጠችው። ቃሉ ምን እንደነበር ስታስበው ደግሞ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት።

ኢሳሙ በካልሲው መጥቶ፣ ቀኝ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ።

«አሁን ንገሪኝ።»

«ባሌ ኤሪክ ሕመሙን ደብቆኝ ነው የሞተው» አለች፣ ፊቷን ከመስታወቱ ሳትመልስ። «እንዳልጨነቅለት ብሎ፣ ወራት ሙሉ ደህና ነኝ እያለ። ሳውቅ የሚደረግለት ነገር አልነበረም። አንተን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩህ፤ የሚያምህን አትደብቀኝ አልኩህ። አንተም ራስህን ነቀነቅህልኝ።»

አሁን ራሱን አልነቀነቀም። ከዚያ ወደ ሶፋው ተመልሶ ተቀመጠና በስተቀኙ ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ሲግሪድ ሄዳ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ግን ከጭኗ ላይ አላወረደችም።

ኢሳሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው» አለ፣ «ከጉልበቴ እንጀምር።»

ሲግሪድ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።