አባትህ ገሠሠ

«ጠበል ሄዷል በዪው፣ በቃ» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ከበበው። «ቅዳሜ ከአውሮፕላን ሲወርድ አባባስ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጠበል ሄዷል ትዪዋለሽ። እሑድ ጎህ ሲቀድ እኛ መጥተን እናረዳዋለን። አንቺ ብቻ ፊትሽን አታጥቁሪበት።»

«እሺ» አለች ኤሌኒ መሬት መሬቱን እያየች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የቀበሌ ስብሰባ ሳይረፍድባቸው ነገሩን ቋጭተው መካኒሳ አቦ ካለው ከእነ ኤሌኒ ቤት ተነሡ። ታናሽ ወንድሟ መዝገቡ ለትምህርት ኪየቭ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። አባታቸው አቶ ገሠሠ ከሞቱ ደግሞ ዓመት ከአራት ወር ሆኗል። በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይሰማም ተብሎ ተደበቀው። ያኔም የወሰኑት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማንም ክፉ አላሰበም።

ችግሩ ደብዳቤው ነበር። አቶ ገሠሠ ፊደል አልቆጠሩም። እሳቸው ይናገራሉ፣ ኤሌኒ ትጽፋለች፣ ከታች «አባትህ ገሠሠ» ብላ ትዘጋለች። ሲሞቱ ተናጋሪው ቀረ እንጂ ጸሐፊዋ አልቀረችም። መጀመሪያ «አባባ ደህና ነው» የምትል አንዲት መስመር ጣል አደረገች። መዝገቡ «ምነው እሱ ራሱ ዝም አለኝ?» ብሎ ሲጽፍ የአባቱን ቃል ጨመረችለት። አነጋገራቸውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ «ስማኝማ ልጄ» ብለው መጀመራቸውን፣ የላሟን ነገር አውርተው የሰዉን መርሳታቸውን። እውነቱን ለመናገር ደስም ይላት ነበር። ስትጽፍ አጠገቧ የተቀመጡ ይመስላታል።

ከዚያ ክረምት ላይ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ መጣ። «አባባ፣ ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት። ኤሌኒ ስታነብልህ ትሰማዋለች፤ እሷ ብትሰማ ግድ የለኝም» ይላል። መዝገቡ እዚያ ሴት ልጅ ወልዷል፤ ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ጨምሮ እንዲማርም ተፈቅዶለታል። «ልቆይ ወይስ ልምጣ? አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።»

ያን ቀን ኤሌኒ ከክር ፋብሪካው ከፈረቃ ገብታ፣ እናቷን ወይዘሮ ውዳሴን አጣጥባ አገላብጣ አስተኝታ ነበር። እናትየዋ ከባላቸው ሞት ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። በዚህ የተነሣ የኤሌኒ ሠርግ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ደክሟታል። ብዕሯን አነሣችና «ስማኝማ ልጄ፣ አገርህ ግባ። ልጅቷን እናቷ ታሳድጋታለች» ብላ ጻፈች፤ ከታች «አባትህ ገሠሠ»። አባቷ ቢኖሩ እንዲህ ይሉ እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም። እንደማይሉ ታውቃለችና። ልጆቻቸውን ትተው አንድ ቀን እንኳ ውጭ አድረው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

አሁን ሽማግሌዎቹ ሲወጡ፣ በፋብሪካው ፖስታ ሳጥን የመጣላትን፣ ለሽማግሌዎቹ የመምጫውን ቀን ብቻ የነገረችበትን የመጨረሻውን ደብዳቤ ከቦርሳዋ አወጣች። የተጻፈው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው።

«አባባ፣ ቃልህ ደረሰኝ። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እገባለሁ። ትናንት ለልጄ ጫማ ስገዛ ዋልኩ፤ አሁን የሚሆናትን፣ ለከርሞ የሚሆናትን፣ ከዚያ በኋላም የሚሆናትን። ልኩን በግምት ነው። ላንተ ካፖርት ይዤልሃለሁ፤ እጅጌው ከረዘመ ኤሌኒ ታሳጥረዋለች። ከፍቶኛል። ግን አንተ ካልክ ልክ ነው።»

ፊቷ ጋለ። ዕድሜዋን እንዲህ አፍራ አታውቅም። የሞተ ሰው አፍ ተውሳ ለራሷ ለምናበታለች፤ ሌላ ስም የለውም።

«ምን ይላል?» አሉ እናቷ ከአልጋቸው።

«ቅዳሜ እገባለሁ ይላል፣ እማዬ።»

«ተመስገን። አንቺም ታርፊያለሽ፣ ልጄ።»

ኤሌኒ ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ነጠላዋን ለበሰች፣ እናቷን እንድታይላት ለጎረቤቷ ለከድጃ ነግራ ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ ወረደች። ማክሰኞ ነው። ቴሌግራም በሁለት ቀን ይደርሳል ሲባል ሰምታለች።

ቴሌግራም ቤቱ ውስጥ ወረፋ አልነበረም። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚላከው አማርኛም ቢሆን በላቲን ፊደል መሆኑን ነገረቻትና ቅጹን ራሷ ሳበች።

«እኔ ልጻፍልሽ። አንቺ ተናገሪ።»

ኤሌኒ ስትጽፍ ኖራለች እንጂ ተናግራ አታውቅም።

«አባባ ካረፈ ዓመት ከአራት ወር ሆነው በይልኝ። ና ያልኩህ እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነው። አንተው ወስን።»

ሠራተኛዋ እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ?»

«አይነገርም» አለች ኤሌኒ። «ጻፊው።»

ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ከቅጹ ግርጌ ስትደርስ እንደገና ቆመች።

«ላኪው ማን ልበል?»

ምላሷ ከልማዱ «አባትህ» ሊል ነበር። ዋጠችው።

«ኤሌኒ» አለች። «ኤሌኒ ገሠሠ።»