ጋሽ መሪ ሳይክል ሲመርጥ

ሰፈርተኛው ጋሽ መሪ ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ወሬ ሲጀምር ሁለት እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ የማይታይ መሪ ይጠመዝዛል። ስለ ዝናብ ሲያወራ ይጠመዝዛል፤ ስለ ሽንኩርት መወደድ ሲያወራም ይጠመዝዛል። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ እሱም ወደደው።

ጡረታው መጀመሪያ ላይ እንደ ረጅም እሑድ ጣፍጦት ነበር። እያደር ግን ቤቱ ጠበበው። ባለቤቱ ወደ ፋርማሲዋ ስትሄድ በመስኮት ይሸኛትና ያልላላ ብሎን ሲያጠብቅ፣ የተስተካከለ ወንበር ሲያስተካክል ይውላል። ማታ ስትመለስ ደግሞ ያስቀመጠችው ነገር ሁሉ ቦታውን ቀይሮ ይጠብቃታል።

ከዚህ ሁሉ ያወጣችው ነርሷ ልጁ ናት። አንድ ቀን በራሷ ሳይክል እየበረረች መጥታ፣ ትንፋሿ ሳይሰበሰብ፣ «አባዬ! የወንዙ ዳር መንገድ እኮ ለሳይክል ብቻ ሆነ። መኪና የለ፣ ጥሩምባ የለ! አንድ ያገለገለ ነገር ግዛና እሑድ እሑድ አብረን እንንዳ» አለችው።

«ሳይክል?» አለ ጋሽ መሪ ደረቱን ነፍቶ። «ያን ሁሉ ሕዝብ ጭኖ ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ሰውዬ፣ ሁለት ጎማ ያቅተዋል?»

ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው። ቃል ከአፍ ወጣ።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ መሪ ሳይክል ነድቶ አያውቅም። ነድቶ አለማወቁን ደግሞ የሚያውቅ የለም፤ ሚስቱም ብትሆን። የሚገርመው ግን ፍርሃቱ ከደስታው ጋር ግብግብ ገጥሞ ተሸነፈ። ሳምንቱን ሙሉ በመንገዱ የሚያልፈውን ሳይክል ሁሉ በዓይኑ ሲሸኝ ሰነበተ። መሪ ያው መሪ ነው፣ ፍሬንም ያው ፍሬን ነው፤ ምን ይጠፋኛል ብሎ ራሱን አሳመነ።

ቅዳሜ ጠዋት ተላጭቶ፣ ጫማውን አብርቶ፣ ሚስቱን «አልደረስሽም እንዴ?» እያለ ሦስቴ በር ላይ ቆመ።

«ሙሽራ ልናመጣ ነው እንዴ አንተ ሰውዬ?» አለችው ሻርፗን እየፈለገች።

ያገለገሉ ሳይክሎች የሚሸጡበት ግቢ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው። በቆርቆሮው በር ሲገቡ የጎማና የግራሶ ሽታ ተቀበላቸው። ሳይክል በሳይክል ላይ ተደግፏል፤ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በፊት ጎማቸው የተሰቀሉም አሉ። ሻጩ፣ እጁ እስከ ክንዱ በዘይት የጠቆረ ጎልማሳ፣ ከአንድ የተገለበጠ ሳይክል ላይ ቀና ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ለምን ዓይነት መንገድ ነው የሚፈልጉት?» ሲል ጠየቀ።

«ለሽርሽር!» አለ ጋሽ መሪ። ቃሏ አፉ ውስጥ ከረሜላ ሆነችበት። «ለሽርሽር ብቻ። ኪስም የማይጎዳ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ዓይኑ ሰማያዊው ላይ አረፈ። ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ጎማው ከአውራ ጣት የማይወፍር። ልቡ ዘለለች። ጠጋ ብሎ የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሳና አሽከረከረው፤ ቸርኬው ሳይወላገድ ዞረ። ካቴናውን ሳብ አደረገ። ኮርቻውን መታ መታ አደረገ። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱን ሲዞር እንደሚያደርገው ሁሉ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ ነው!» አለ።

«እሱ የእሽቅድምድም ነው ጋሼ፤ ለሽርሽር ወገብ ያጎብጣል» አለ ሻጩ። «ዋጋውም እዚህ ካለው ሁሉ ከፍ ይላል።»

«ወገቤ ብረት ነው።»

«እንግዲያው ወጥተው ይሞክሩት። ያገለገለ ሳይክል ሳይነዱት አይገዛም።»

ጋሽ መሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ጫማዬ ያንሸራትታል አለ። ቀጥሎ ግቢው ጠባብ ነው አለ። አውቶቡስ ያዞር የነበረ ሰው ግቢው ሲጠበው ሚስቱ አንገቷን ዘመም አድርጋ ተመለከተችው። የዶክተር ጽሑፍ ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ የተጫጫረ ነገር አያመልጣትም።

«ሞክረው እንጂ» አለችው ረጋ ብላ።

ማምለጫ አጣ። ሰማያዊውን ወደ ግቢው መሐል አወጣ፣ እግሩን በጭንቅ አሻገረ፣ ኮርቻው ላይ በአንድ መቀመጫው ተንጠለጠለ፣ ፔዳሉን ረገጠ። ሳይክሉ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጋሽ መሪ ወደ ግራ። ያረፈው አሮጌ ጎማ የተከመረበት ላይ ነው። ክምሩ ቀስ ብሎ ተናደና አንዱ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ እስከ በሩ ድረስ ሄደ።

ሻጩ «እኔን!» ብሎ ሮጠ። ሚስቱ ግን ባሏ ደህና መሆኑን ባየች ቅጽበት ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ምሰሶ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አታውቅበትም እንዴ?»

ጋሽ መሪ ከጎማው መሐል ሆኖ አያት። ሊቆጣ ከጀለው፤ ግን ሳቋ እሱንም ኮረኮረው። «የት አውቄበት! እኩዮቼ ሳይክል ሲማሩ እኔ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበርኩ። ከእግር ወደ አውቶቡስ ነው የዘለልኩት» አለ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ፉከራ ለልጅህ!»

«አፌ ቀደመኝ።»

እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ዙሪያውን ቃኘች። ጥግ ላይ፣ ፊቷ ቅርጫት የታሰረላት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ አግዳሚዋ ዝቅ ያለ አሮጌ ሳይክል ቆማለች። ሻርፗን አንገቷ ላይ ቋጠረች፣ ሳይክሏን አወጣች፣ በአንድ እግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ሽው አለች! ግቢውን ዞረች። የተናደውን ጎማ በመሐሉ ሰንጥቃ አለፈች። ደወሉን ቂው ቂው አድርጋ ደግማ ዞረች። ጋሽ መሪ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያቺ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዶ የክኒን ማሸጊያ ስታነብ የሚያውቃት ሴት አይደለችም፤ አንዲት የማያውቃት ኮረዳ ናት ግቢው ውስጥ የምትበረው።

«አንቺ! ከየት አመጣሽው?»

«ትምህርት ቤት የምሄደው በወንድሜ ሳይክል ነበር» አለች ፍሬን ይዛ አጠገቡ ቀጥ ስትል።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ስለ አውቶቡስ ስታወራ መች ክፍተት ሰጠኸኝ!»

ሻጩ እንዳይስቅ ፊቱን ወደ መሣሪያ ሳጥኑ አዞረ።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ወደ እሷ ዞረ። «ለሱ፣ ሲቀመጥባት ሁለቱም እግሩ መሬት የሚነካባት ትሁን፤ ጎማዋ ወፈር ይበል፤ ስለ ማማሯ አትጨነቅ» አለችው ሻጩን። ሁለቱ ከጣሪያ ያወርዳሉ፣ ጋሽ መሪ ይቀመጥባቸዋል። አንዷ ረዘመችው። አንዷ በቁመት ልክክ ብትልም፣ ዝቅ ብሎ ሲያይ ከኮርቻዋ ሥር ብረቷ ተሰንጥቆ በቀለም ተሸፍኗል፤ ጣቱን አሳርፎ ሲያሳይ ሻጩ ራሱ ደነገጠ። «የገዛኋት እንዲሁ ሆና ነው፤ ይህቺ አትሸጥም» ብሎ ወደ ውስጥ ወሰዳት። አንዲት ቡናማ ደግሞ ፔዳሏ በተረገጠ ቁጥር እንደ ታመመ በግ ታቃስታለች።

መጨረሻ ላይ አረንጓዴዋ መጣች። ከባድ፣ ሰፊ ኮርቻ ያላት፣ ፓራፋንጎዋ ትንሽ የተጨረመተ። ጋሽ መሪ ተቀመጠባት፤ ሁለት እግሮቹ መሬቱ ላይ ድልድል አሉ። ፍሬኑን ጨበጠ፤ ያዘ። ሰማያዊውን እንደ መሰናበት አየት አደረገና «እሺ፣ እንዴት ነው የሚጀመረው?» አለ።

ሻጩ ሁለቱንም ፔዳሎች ፈታቸው። «መጀመሪያ በእግርዎ እየገፉ ብቻ ይንሸራተቱ» አለው። ጋሽ መሪ እንደ ዳክዬ እየተራመደ ጀመረ። ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ አንድ ጊዜ ሁለቱም እግሮቹ ሳያስበው ከመሬት ተነሡ፤ አረንጓዴዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ነፋሱ ጆሮው ሥር ሹክ አለው።

«አየሽኝ?» ብሎ ጮኸ። «አየሽኝ ወይ?»

«አየሁህ! ፊትህን እይ!»

ከዚህ በኋላ ማን ይያዘው! እንደ ልጅ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንሸራተት ቆየና፣ ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው ሲያጣብቅ፣ «ፔዳሉን ግጠሙልኝ!» አለ። ገጠሙለት። ሚስቱ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ ሮጠች፣ ለቀቀችው። ተወላገደ፣ ተቃና፣ ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ሄደ!

የቆርቆሮው በር ግን ክፍት ነበር። አረንጓዴዋ በበሩ ወጥታ መንደር ውስጥ ወደሚያስገባው ጠባብ መንገድ ታጠፈች፤ መንገዱ ደግሞ ትንሽ ቁልቁል ይላል። ጋሽ መሪ ፍሬን ፈለገ። የፈለገው በቀኝ እግሩ ነው። እግሩ ባዶ አየር ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ።

«ፍሬን የለውም!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ቅርጫት ያላት ላይ ዘላ ወጥታ ተከተለችው። «እጅህ ላይ ነው! አውቶቡስ አይደለም! እጅህ ላይ ነው ፍሬኑ!»

ልብስ ይዛ ታልፍ የነበረች ሴት ግድግዳ ላይ ተለጠፈችለት። ጋሽ መሪ ነገሩ የገባው መንገዱ ከሚዘጋበት ግንብ አጠገብ ሲደርስ ነው፤ ሁለቱንም እጆቹን ጨመቀ፣ አረንጓዴዋ ሲጥ ብላ ቆመች፣ እግሮቹም መሬት አገኙ። ሚስቱ ደርሳ ትከሻውን ስትይዘው እየተንቀጠቀጠ ነበር። የተንቀጠቀጠው ግን በሳቅ ነው።

«ታጠፍኩ እኮ» አለ። «በሩ ላይ፣ አላየሽም? ታጠፍኩ!»

ሁለቱን ሳይክሎች ጎን ለጎን እየገፉ ወደ ግቢው ተመለሱ። ጋሽ መሪ የአረንጓዴዋን ዋጋ ጠየቀ። ከዚያም ጥቂት አሰበና፣ ሚስቱ ገና ከእጇ ያላወጣቻትን ቅርጫት ያላትን በአገጩ ጠቆመ። «የሷስ?»

«የሁለቱ ተደምሮ የሰማያዊውን አያክልም» አለ ሻጩ። «ለሁለቱም አዲስ የፍሬን ላስቲክ እኔ እጨምራለሁ።»

«እኔ አልፈልግም፤ ላንተ ነው የመጣነው» አለች ሚስቱ፤ አፏ እንዲህ ቢልም አውራ ጣቷ ግን ደወሉን ትዳብስ ነበር።

«እንግዲህ ማን ሊያስተምረኝ ነው?» አለ ጋሽ መሪ። እሷም ሌላ ክርክር አላነሣችም።

ሳምንቱን በየማለዳው፣ እሷ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተለማመዱ። ሁለቴ ወደቀ፤ አንዱን አወቀችበት፣ አንዱን ደበቃት። እሑድ ልጃቸው መጥታ በሩን ስትከፍት፣ እናቷ ሻርፗን ቋጥራ፣ አባቷ የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ሁለቱም ሳይክል ይዘው ቆመው አገኘቻቸው።

«እማዬ? አንቺም?» አለች ልጅቱ።

«እናትሽ ናት አስተማሪዬ» አለ ጋሽ መሪ፣ ሳያፍር። «ሳይክል ነድቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን እነዳለሁ።»

በወንዙ ዳር መንገድ ሦስቱም ወጡ። ውሃው በቀኛቸው ያብለጨልጫል፤ ቅጠሉ ከላያቸው ይንሿሿል። ሴቶቹ ፊት ፊት እያወሩ ሄዱ፤ ጋሽ መሪ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ተከተለ። ከአንዱ ድልድይ ሥር ሲደርሱ ልጅቱ ወረደች። «አባዬ፣ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል፤ ጉልበትህ ነገ ይወቅስሃል። እንመለስ» አለች።

እሱ ግን ቀና ስትል በጎኗ አልፎ ሄዷል፤ ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቶ፣ ለብቻው እየሳቀ፣ ከፊቱ ያለውን ትንሽ ዳገት ተያይዞታል።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ሚስቱ ፔዳሏን ረገጠች።