ጃንጥላው የያዘው ወንበር

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ነገር ግን ምላሱ ከእጁ ቀድሞ ስለሚላጭ ሰዉ ሁሉ ምላጭ ይለዋል። ዝም የሚለው ደንበኛው ተቀምጦ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እስኪታሰር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማምለጫ የለም፤ አንገቱም ጆሮውም በምላጭ እጅ ነው። አንድ ቀን የአንድ ራሰ በራ ሰውዬ አናት ላይ ቅባት ቢያሽለት፣ ፀሐይዋ እዚያ አርፋ በመስኮት ወጣችና በመንገዱ ሲያልፍ የነበረ የአውቶብስ ሾፌር የመኪና መብራት መስሎት ዳር ይዞ ቆመ ብሎ ያወራል። ውሸት ነው የሚል ካለ ሾፌሩን አምጥቼ አስመሰክራለሁ ይላል። ሾፌሩ እስካሁን አልመጣም።

ከወሬዎቹ ሁሉ ገበያ ያለው ግን የታላቅ እህቱ ጃንጥላ ወሬ ነበር።

እህቱ ልብስ ተኳሽ ናት። የሷና የሱ ቤት የሚለያየው በአንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ እሱ መቀሱን ሲያንቀጫቅጭ እሷ ትሰማለች፤ እሷ እርጥብ ሸሚዝ ላይ ካውያ ስታሳርፍ እሱ ጩስታውን ይሰማል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ነበርና፣ እንደ እናትም እንደ እህትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። አደገና ሙያውን ካባቱ ወረሰ፤ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ግን ተወ። ለምን ሲሉት፣ እኔ የገባሁ ቀን ጣሪያው እንዳይናድባችሁ አዝኜላችሁ ነው ይላል።

እህቱ አንድ ቀን የሰው ሱሪ እየተኮሰች ስለ እሱ ስትጸልይ አንድ ነገር መጥቶ ልቧ ላይ ቁጭ አለ። ድምፅ አልሰማሁም፣ መልአክም አላየሁም ነው የምትለው፤ ብቻ ይህ ልጅ በእግዚአብሔር ቤት አጠገቤ እንደሚቀመጥ ልክ በእጄ እንደ ተሰጠኝ ነገር አወቅሁት ትላለች። እንዲህ ሆና ቆማ እንባዋ ሲወርድ ካውያው ተረስቶ ኖሮ ሱሪውን ጭኑ ላይ በራሱ ቅርጽ በልቶት ተነሣ። ለባለቤቱ ሌላ አሰፍታ ሰጠች። የተቃጠለውን ግን አልጣለችውም፤ መተኮሻ ጠረጴዛዋን አለበሰችበት። ምላጭ ይህን እንደ ሰማ፣ እግዚአብሔር ለኔ ሲያስብ ምንም ያልበደለ ሰው ሱሪ አቃጠለ ብሎ ለሰፈሩ አዳረሰው።

የሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገብታ፣ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ከግድግዳው ጥግ ካለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ጃንጥላዋን አጋደመች። የእንጨት እጀታ ያለው፣ አንድ ሽቦው የተጣመመ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ ፈገግ ብላ፣ እዚህ ሰው አለ ትላለች። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ክረምት አለፈ፤ ጃንጥላው ግን ከወንበሩ ቀርቶ አያውቅም። በዝናብ ቀን ተንጠባጥቦ ሲገባ እንኳ በነጠላዋ ጫፍ አብሳ አድርቃ ነው የምታስቀምጠው፤ የሚቀመጥበት ሰው ዛሬ ቢመጣ ልብሱ እንዳይረጥብ ነው።

እንግዲህ ምላጭ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም ሊል ነው? ጃንጥላው አሜን ሲል ድምፁ ከሽማግሌዎቹ ይበልጣል አለ። በስብከት ጊዜ ሳያንቀላፋ የጨረሰ ብቸኛ ምእመን እሱ ነው አለ። መዝሙሩ ሞቅ ሲል በመንፈስ ተነክቶ ብው ብሎ ተከፈተና የፊተኛዋን ሴትዮ ሻሽ ይዞ ወጣ አለ። በመጨረሻም ለሽማግሌነት ቢመርጡት፣ እኔ የዝናብ ጊዜ ሥራ ይበዛብኛል ብሎ እምቢ አለ ብሎ ሲያወራ፣ ወንበሩ ላይ የነበረው ቆርቆሮ ሠሪ በሳቅ ሲንፈራፈር ግማሽ ቅንድቡን እዚያው ትቶ ሄደ። ይቺኛዋ እንኳ እውነት ናት፤ ቅንድቡ እስኪበቅል ሰው ሁሉ አይቶታል።

የሚገርመው እህቱ ከግድግዳው ወዲያ ሆና አብራ ትስቃለች። ሰዎች ወንድምሽ ለመሆኑ ይመጣል ወይ ሲሏት፣ የሄደ መብራት እንደሚመጣ እንደምትናገር አድርጋ፣ ይመጣል ብላ የምትተኩሰውን ሸሚዝ ትገለብጣለች። እሱን ግን አንድም ቀን ና ብላው አታውቅም። ምላጭ ደግሞ ና ብትለው የሚመልስላት መልስ በያይነቱ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይጠየቅ መልሱ ሁሉ አፉ ውስጥ ሊያረጅ ሆነ። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ያበግነዋል።

ሱቁ ውስጥ እሱም የራሱ ሕግ አለው። ካባቱ የወረሰው ነው። ደንበኛ ተራ ሲጠብቅ ጉዳይ ካለው ኮፍያውን አግዳሚው ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ኮፍያው እዚያ እስካለ ሰውየው እንዳለ ይቆጠራል፣ ኮፍያውን ያነሣ ግን ተራውን አነሣ። አንድ ጊዜ ክራቫት ያሰረ ትልቅ ሰው መጥቶ የአንድ ተሸካሚ ኮፍያ ላይ ቢቀመጥ፣ ምላጭ በትሕትና ብብቱን ይዞ አስነሥቶ ኮፍያውን አራግፎ መልሶ አስቀምጦታል። ተሸካሚው ሸክሙን አድርሶ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲገባ ተራው ጠበቀው። በዚህ ነገር ምላጭ ቀልድ አያውቅም። የእህቱ ጃንጥላና ያባቱ ሕግ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ግን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

በዚያ ክረምት እህቱ ሳል ጀመራት። የካውያው እንፋሎት ነው እያለች ስታስታምመው ቆይታ፣ አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጩስታ ዝም አለ። ምላጭ የደንበኛውን ግማሽ ፂም ትቶ ሮጦ ሲገባ ጠረጴዛዋን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሆስፒታል ሲያደርሳት ሐኪሞቹ አዩና ደረቷ መከፈት አለበት አሉ። ለሰኞ ቀጠሮ ተያዘላት።

ቅዳሜ ሊጠይቃት ሄደ። ክፍሉ ውስጥ እሷና አንዲት እግሯ የተሰበረ ሴትዮ ብቻ ናቸው። ምላጭ አልጋዋ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጦ ያንን የራሰ በራውን ወሬ ጀመረ፤ ሴትዮዋ እግሬን ያመኛል፣ አታስቀኝ እያለች ሳቀች። እህቱም ሳቀችና ሳሉ መጣባት። ሳሉ ሲለቃት ከቤት አብሯት መጥቶ አልጋው ራስጌ የተንጠለጠለውን ጃንጥላ በዓይኗ አሳየችው።

ነገ እኔ የለሁም አለችው። ሰው ሁሉ ያንን ቦታ ያውቀዋል፣ ካልመጣሁ ይወስዱታል፤ ማለዳ ሄደህ ጃንጥላውን አስቀምጥልኝ።

«አስቀምጬስ?» አላት።

«አስቀምጠህማ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ።»

«ቁጭ በል አትይኝም?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ፤ ቁጭ የሚያደርግህ እግዚአብሔር ነው። የኔ ሥራ ቦታ መያዝ ነው።»

ያዘጋጃቸው መልሶች ዛሬም ሥራ ፈቱ።

እሑድ ሰማዩ ተቀዶ ይወርዳል። ምላጭ ጃንጥላውን ይዞ ሲሄድ ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ወርውሮ መውጣት፣ ከዚያ ለሳምንቱ የሚበቃ ወሬ መሸመን። ግን ሲደርስ ቤቱ ጢም ብሏል። የጎረቤት ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነፋስ ገልብጦት ኖሮ ምእመናኑ በሙሉ እዚህ መጥተዋል። ሰዉ በግድግዳው ጥግ ሁሉ ቆሟል። በዚህ ሁሉ መካከል የእህቱ ወንበርና አጠገቡ ያለው ወንበር፣ ሰው ሁሉ ልማዷን ስለሚያውቅ ይመስል፣ ባዶ ናቸው። ሰው በትከሻው እየገፋ ሄዶ ጃንጥላውን በለመደው ወንበር ላይ አጋደመና አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አየ። ባያይ ይሻለው ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው፣ ያ ቅንድቡን ያጣው፣ በሥራ ቀን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ውሎ እሑድ ደረቱ ላይ ሪባን አድርጎ አስተናጋጅ ነው። አንድ ባልና ሚስት አስከትሎ መጣና ጃንጥላውን ብድግ አደረገው።

ምላጭን ምን እንደ ነካው እሱም አያውቅም። እግሩ ተመለሰ። ባልና ሚስቱ ሳይቀመጡ ደርሶ፣

«እዚህ ሰው አለ» አለ፤ ያንን ክራቫት ያሰረውን ሰው ባስነሣበት ድምፅ።

ቆርቆሮ ሠሪው መጀመሪያ አላወቀውም ነበር። ሲያውቀው ከንፈሩ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በሹክሹክታ፣ አንተው አይደለህ እንዴ ጃንጥላው አምኗል ያልከኝ፣ እንግዲያው እንደ ሌላው አማኝ ቆሞ ይዘምራ አለው። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ምላጭ ፊታቸውን አየ፤ የማይላጨው የለም። ያንን ሳቅ በጉንጫቸው ላይ የተከለው እሱ ራሱ ነው።

«ባለቤቱ ይመጣል» አለ።

«መቼ?»

ውሸት ፈለገ። በሕይወቱ ውሸት ቸግሮት የማያውቅ ሰው፣ አውቶብስ በራሰ በራ ያስቆመ ሰው፣ ሆዱን ቢዳብስ አንዲት ፍርፋሪ አጣ። መዘምራኑ ተነሡ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል። ምላጭ ጃንጥላው በነበረበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«መጥቷል» አለ።

ቆርቆሮ ሠሪው ሳቁ ጠፋ። ጃንጥላውን እንደ ያዘ ቀስ ብሎ፣ ይኼኛውስ ብሎ በአገጩ የእህቱን ወንበር አሳየው። ምላጭ ጃንጥላውን ከእጁ ተቀበለ፣ በኮቱ እጅጌ ውኃውን ጠረገው፣ እህቱ ወንበር ላይ አጋደመው።

«እዚህም ሰው አለ።»

«ሆስፒታል ናት አይደል እንዴ?»

«ትመጣለች።»

ይህን ብሎ ራሱ ደነገጠ። ያቺ ቃል ከእህቱ አፍ እንደ ላባ ነበር የምትወጣው፤ ከሱ አፍ ስትወጣ ደረቱን ጠርባ ወጣች። ለካ ይህን ያህል ትከብዳለች። ለካ እህቱ ይህን ድንጋይ ነው እሑድ በመጣ ቁጥር ፈገግ ብላ ተሸክማ የምትገባው፤ ግራ ቀኙ እየሳቀባት፣ የገዛ ወንድሟ ከግድግዳው ወዲያ ለሳቁ ማገዶ እያቀረበ። እሱ ክንድ የሚያክል ጡንቻ አለኝ እያለ ሲጎርር ኖሮ፣ በቤቱ ያለው ጉልበተኛ ማን እንደ ሆነ ዛሬ ገባው። ጉልበቷም ከራሷ እንዳልነበረ ገባው፤ ካውያ ይዛ የምትውል ክንድ ብቻዋን ይህን አታነሣም።

ቆርቆሮ ሠሪው ሄደና ከጓዳ አግዳሚ አምጥቶ ባልና ሚስቱን አስቀመጠ። ምላጭ መዝሙሩን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ቦታ ሲመጣ ከልጅነቱ ትዝ እያለው ያንጎራጉራል። ጸሎት ሲሆን ሌላው ሁሉ ቃል ተትረፈረፈለት፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘው አንድ ነው። ጌታዬ፣ አለ በልቡ፣ የሷን ቦታ ይዣለሁ፤ አንተም ለኔ የያዝክልኝን አይቻለሁ።

ጣሪያው አልተናደም።

ሲያበቃ ዝናቡ ብሶበታል። ቆርቆሮ ሠሪው በሩ ላይ ይዞት፣ ሰዉ ወጥቷል እኮ፣ ጃንጥላህን ይዘህ ሂድ አለው። ምላጭ ግን ራሱን ነቀነቀ። ኮፍያውን ያነሣ ተራውን አነሣ፤ የሱቃችንን ሕግ ረሳኸው እንዴ ብሎት ኮቱን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ሆስፒታል ሲገባ ጫማው ውኃ ይተፋል። እህቱ ከራስጌ እስከ ግርጌ አየችው፤ እጁንም አየች።

«ጃንጥላዬስ?»

«ቦታ ይዞልሽ ቀረ፣ እትዬ። የኔን ራሴ ተቀመጥኩበት።»

እህቱ አንሶላውን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገችና እዚያው ቆየች። እግሯ የተሰበረው ሴትዮ ከዚያኛው አልጋ ሆና፣ ወይ ያንቺ ወንድም፣ ደሞ ዛሬ ምን ይዞ መጣ፣ ወሬው አያልቅበትም እኮ አለች። እህቱ ከአንሶላው ውስጥ ሆና እየሳቀች እያለቀሰች፣

«ይኼስ እውነት ነው፤ ውሸቱ እንዲህ አጭር ሆኖ አያውቅም» አለች።

ዱካው ላይ ተቀመጠ። ውኃው ከኮቱ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ። ነገን ፈርተሽ ይሆን ብሎ ሊጠይቅ ሲል፣ እሷ ቀድማ እጁን ያዘችው። ያለችውም ይህን ነው፤ አልፈራሁም ብዬ እንዳንተ አልዋሽም፣ ግን እግዚአብሔር ስለ አንተ የሰጠኝን ቃል አልበላም፣ ስለዚህ ነገም ወዴት ብሄድ ቦታዬ ተይዟል፤ ከአንተ ጎንም ከእሱ ዘንድም። ከዚያ ኮቱን አውልቅ፣ ብርድ ሊመታህ ነው ብላ ተቆጣችው። የካውያ እጇ በሕመም ውስጥ እንኳ ይሞቃል።

የጥየቃ ሰዓት ሲያበቃ ምላጭ ወጣ። ዝናቡ አልቆመም። ዘበኛው ከዳሱ ሥር ሆኖ ከንፈሩን መጠጠለትና፣ ወንድሜ፣ በእንዲህ ያለ ቀን ጃንጥላ የለህም እንዴ አለው።

«አለኝ» አለ ምላጭ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ እየሳበ። «ሥራ ላይ ነው።»