ቦ ካታ

የካቲት ሲገባ በላሆር አሮጌው ሰፈር ሰው ሁሉ በክር የሚበረውን የወረቀት ካይቱን ይዞ ጣራ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ዋሪስም ከማዶው ሥጋ ሻጭ ከታጅ ጋር ተያይዟል። ክራቸው በመስታወት ዱቄት የተለበጠ ነው፤ አንዱ የሌላውን እስኪበጥስ ይፋተጋል።

«ያቺን ቡትቶህን አውርድና ሱሪ ስፋባት!» አለ ታጅ።

«አንተ ይልቅ ሥጋህን ከዝንብ ጠብቅ!» ዋሪስ ክሩን ለቀቅ፣ ሳብ አደረገው። የታጅ ካይት ክሯ ተበጥሶ፣ ተንገዳግዳ በነፋስ ተወሰደች።

«ቦ ካታ!» ብሎ ድሉን ጮኸ። ከየጣራው ተቀበሉት፤ ከበሮ ተደለቀ።

የተበጠሰው ክር ወደ መንገዱ ተንሳፍፎ ወረደ። ጎረቤታቸው ሙነዋር ሚስቱን አፈናጦ በሞተር ብስክሌት እየመጣ ነበር። ክሩ አንገቱ ላይ ገባ።

ዋሪስ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ቁስሉን በሁለት እጁ ተጭኖ ያዘ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ። ነገሩን ያላዩት ከላይ «ቦ ካታ!» ይላሉ። ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሪክሾ እስኪገኝ የሙነዋር ሕይወት አለፈ።

ዋሪስ ለቅሶ ሲደርስ ሚስትየዋ ሻህናር ከመጋረጃው ጀርባ አናገረችው። በቅርቡ ከቺትራል ተራሮች የመጣች ሙሽራ ናት፤ የከተማውን ቋንቋ ገና እየለመደች ነው።

«ወንድሜ፣ ያን ቀን ባሌን የያዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አላህ ሰብሩንና ጽናቱን ይስጥሽ፣ እህቴ።»

«እኔ ድምፄ ተዘግቶ ሰዎቹ ጮኹልኝ። ቦ ካታ ማለት ‹ድረሱልን› ማለት አይደል? ያመስግኑልኝ።»

አጠገቡ የተቀመጠችው የሙነዋር እናት እውነቱን እንዳይነግራት በዓይኗ ለመነችው።

«አዎ» አለ ዋሪስ። «ድረሱልን ማለት ነው።»

ሐዘንተኛ ሚስት ከቤት አትወጣምና ሌላ የነገራት አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ አማቷ ጓዳ ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሻህናር መስኮቱን በርግዳ «ቦ ካታ! ቦ ካታ!» እያለች ጮኸች። መንገደኛው ቆሞ ሰማይ ሰማዩን አየ።

«የማን ካይት ተቆረጠ?» አለ አንዱ እየሳቀ።

ነገሩ የገባው ዋሪስ ብቻ ነበር። ጨርቁን ከነመቀሱ ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ አሮጊቷ ትንፋሽ አልነበራትም።

«ጠራኋቸው እኮ!» አለች ሻህናር። «ለምንድነው ወደ ላይ የሚያዩት?»

ያኔ ነገራት። ቦ ካታ «ተቆረጠ» ማለት መሆኑን፣ በካይት ያሸነፈ ሰው እንደሚለው፣ ያን ቀን መጀመሪያ ያለውም እሱ መሆኑን።

አልጮኸችበትም። ተነሥታ የአማቷን ዓይን ከደነች፤ ሻሿን አስተካከለችላት።

«ሴቶቹን ይጥሩልኝ» አለችው፤ «እኔ ብጠራ የሚመጣ የለም።»